ዮሐንስ ሪድበርግና የተናቀው ቁጥር

በአውሮፓ ሰሜን ስዊድን የምትባል አገር አለች። ክረምቷ ረጅም፥ ብርዷም ጽኑ ነው። በዚያች አገር፥ በባሕር ዳር በምትገኘው በሃልምስታድ ከተማ፥ ዮሐንስ ሮበርት ሪድበርግ በ1854 ዓ.ም. በኅዳር ወር ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባቱ ነጋዴ ነበረ። ነገር ግን ልጁ ገና አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። እናቱ መበለት ሆና ቀረች፤ የቤቱም ሀብት እየጐደለ ሄደ። አባት የሞተበት ልጅ ኑሮው በዲክሲስም ሆነ በሃልምስታድ አንድ ነው፤ ሌሎች ልጆች ሳያስቡ የሚያገኙትን እርሱ በድካም ያገኘዋል። ዮሐንስ ግን በትምህርቱ አልሰነፈም። በ1873 ዓ.ም. በከተማው ያለውን ትምህርት ቤት ፈጽሞ ሉንድ ወደሚባለው ከተማ ሄደ፤ በዚያም በታወቀው ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በሉንድ ከሁሉ ይልቅ የሒሳብን ትምህርት ወደደ። በ1879 ዓ.ም. የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ፤ በሚከተለውም ዓመት በዚያው በተማረበት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። ኋላም የፊዚክስን ትምህርት ያስተምር ጀመር። ፊዚክስ ማለት ስለ ብርሃን፥ ስለ ሙቀት፥ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ፍጥረታዊ ኃይል ሁሉ የሚመረምር ትምህርት ነው።

በዚያ ዘመን ሊቃውንት የዓለምን ንጥረ ነገሮች ሁሉ፥ ብረትን፥ ወርቅን፥ ድኝን፥ ሌላውንም፥ በሰንጠረዥ ደርድረዋቸው ነበር። ይህን ያደረገው ሜንዴሌዬቭ የተባለ የሩስያ ሊቅ ነው፤ ያደረገውም በ1869 ዓ.ም. ነበረ። ጠባያቸው የሚመሳሰል ንጥረ ነገሮች በሰንጠረዡ ላይ በየተራቸው ተመልሰው ይገኛሉ። ስለ ምን እንደዚህ እንደሚሆን ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሪድበርግ ይህን ምስጢር ሊፈታ በልቡ ቈረጠ። ንጥረ ነገሮች በእሳት ሲግሉ የሚሰጡት ብርሃን የምስጢሩ ቍልፍ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ብርሃን ምን ይናገራል? በአርሲ ደጋ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ የማርያም መቀነት በሰማይ ይታያል። ነጩ የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ብዙ ቀለም ይከፈላል። ሦስት ማዕዘን ያለው ብርጭቆም እንዲሁ ያደርጋል። የምድጃ እሳት ላይ ጥቂት ጨው ቢበተን ነበልባሉ ብጫ ይሆናል። ይህም ብጫ ብርሃን በብርጭቆው ውስጥ ቢያልፍ እንደ ማርያም መቀነት ሁሉንም ቀለም አይሰጥም፤ ከጨለማ መካከል ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ብቻ ይታያሉ። እነዚህ መስመሮች በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ምልክቶች ናቸው። የአንዱ ንጥረ ነገር መስመሮች ከሌላው መስመሮች ጋር ፈጽመው አይመሳሰሉም። ከብቱን በጆሮው ምልክት የሚለይ እረኛ እንዳለ፥ ሊቃውንትም ንጥረ ነገሮችን በብርሃናቸው መስመር ይለዩአቸዋል።

በሪድበርግ ጊዜ ብዙ ሰዎች የእነዚህን መስመሮች ቦታ ለክተው ጽፈው ነበር። ልኩ ብዙ ነበረ፤ ሥርዓቱ ግን አልተገኘም። እህሉ ታጭዶ በአውድማ ላይ ተከምሮ፥ የሚወቃውና የሚያበጥረው እንደ ጠፋ ነበረ። ሪድበርግ ባለጠጋ አልነበረም፤ ብዙ መሣሪያም አልነበረውም። ስለዚህ ሌሎች የለኩትን ልክ ሰብስቦ፥ በወረቀትና በእርሳስ ሌሊትና ቀን ያሰላ ጀመር።

መጀመሪያ አንድ ብልሃት አደረገ። ብርሃን በሞገድ ይሄዳል፤ ሊቃውንትም የአንዱን ሞገድ ርዝመት ይለኩ ነበር። ሪድበርግ ግን ነገሩን ገልብጦ፥ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ሞገድ እንደሚገባ ቈጠረ። ገበሬ የአንዱን ትልም ስፋት ከመለካት ይልቅ በእርሻው ወርድ ስንት ትልም እንዳለ ቢቈጥር እንደዚህ ማለት ነው። መንገዱ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚህ ቀላል መንገድ የተደበቀው ሥርዓት ብቅ አለ።

መስመሮቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። በተራ በተራ የተሰለፉ ነበሩ። በየሰልፉ ውስጥ ያሉት መስመሮች መጀመሪያ ተራርቀው፥ ኋላ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ሊያልፉት በማይችሉት አንድ ወሰን ላይ ይከማቻሉ። ከሰልፎቹ አንዱ ዋና፥ አንዱ ስለታም፥ አንዱ ደብዛዛ ተባለ። የእነዚህ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት በአውሮፓ ቋንቋ እስከ ዛሬ ድረስ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ሁሉ ተጽፈው ይገኛሉ።

ሪድበርግ ሥርዓቱን በመፈለግ ላይ ሳለ የሌላ ሰው ሥራ ወሬ ደረሰው። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ባልመር የሚባል የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረ። ይህ ሰው ዕድሜው ስድሳ ዓመት ሲሆን፥ በ1885 ዓ.ም.፥ ሃይድሮጂን የሚባለውን የቀላሉን ጋዝ መስመሮች የሚያስገኝ ስሌት አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬን ቀደመብኝ ብሎ ይቀና ነበር፤ ወይም የባልመርን ስም ይደብቅ ነበር። ሪድበርግ ግን ደስ አለው። የባልመርን ስሌት በራሱ መንገድ ገልብጦ ሲጽፈው፥ እርሱ ለንጥረ ነገሮች ሁሉ የሚፈልገው ሥርዓት አንድ ክፍል ሆኖ አገኘው። የባልመርንም ስም በሥራው ውስጥ አልሰወረም።

ሥርዓቱ ይህ ነው። ለሃይድሮጂን 109,678 የሚያህል አንድ ታላቅ ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 27,419 ተኩል ይሆናል፤ ለ9 ሲካፈል 12,186 ያህል ይሆናል። ሁለተኛው ከፊተኛው ሲቀነስ 15,233 ይቀራል። የሃይድሮጂን ቀይ ብርሃንም በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 15,233 ያህል ሞገድ አለው። አራት ማለት ሁለት በሁለት ሲባዛ ነው፤ ዘጠኝም ሦስት በሦስት ሲባዛ ነው። በዘጠኝ ፈንታ አሥራ ስድስት፥ ይህም አራት በአራት፥ ቢገባ የሚቀጥለው መስመር ይገኛል። ማካፈልና መቀነስ የሚችል ተማሪ ሁሉ የሃይድሮጂንን ብርሃን በወረቀት ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ግን እንደዚህ ቀላል አልነበሩም። ለሶዲየም ይኸው ስሌት በተሞከረ ጊዜ አልገጠመም። ሪድበርግ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ታላቁ ቁጥር ለሁሉም ንጥረ ነገር አንድ ያህል መሆኑን ተመለከተ፤ ልዩነቱ ያለው በትንሹ ቁጥር ላይ ነበረ። በሶዲየም በአንዱ ሰልፍ፥ ከፍ ባለው ደረጃ፥ አሥር በአሥር ማባዛት ሲገባ፥ ከአሥሩ ላይ 1.35 ያህል ተቀንሶ 8.65 በ8.65 ማባዛት ያስፈልጋል። በሌላው ሰልፍ የሚቀነሰው 0.86 ያህል ነው፤ በሦስተኛውም 0.01 ያህል ብቻ ነው። ይህም የሚቀነሰው ቁጥር በአንድ ሰልፍ ውስጥ ከመስመር ወደ መስመር ብዙ አይለወጥም።

ችኩል ሰው ይህን ስባሪ ቁጥር ቢያይ የለካው ሰው ስሕተት ነው ብሎ ይጥለው ነበር፤ ወይም ሥርዓቱን ሙሉ አድርጎ ለማሳየት ይሰውረው ነበር። ሪድበርግ ግን አልጣለውም፥ አልሰወረውምም። ምን ማለት እንደ ሆነ ባያውቅም፥ በስሌቱ ውስጥ ቦታ ሰጠው። ሥራውን በ1888 ዓ.ም. በሉንድ ለነበሩት የሊቃውንት ማኅበር ገለጠ፤ በ1890 ዓ.ም. በስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ በኩል በፈረንሳይኛ ታተመ። ታላቁንም ቁጥር 109,721.6 ብሎ ጻፈው፤ ዛሬ በብዙ ጥንቃቄ የተለካው 109,737.3 ነው። በዚያ ዘመን በነበረው መሣሪያ እንዲህ መቅረቡ የሚያስደንቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራ ሰው ወዲያው ክብር ያገኘ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። ሪድበርግ በ1886 ዓ.ም. ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ ነበር፤ ደመወዙም ቤተ ሰቡን አይበቃም ነበር። ስለዚህ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በሉንድ የቁጠባ ባንክ ውስጥ ሒሳብ መርማሪ ሆኖ ሠራ። የዓለምን ብርሃን ሥርዓት ያገኘው ሰው፥ ለልጆቹ እንጀራ ሲል የሰውን ገንዘብ ይቈጥር ነበር። በ1897 ዓ.ም. የፊዚክስ ዋና ፕሮፌሰርነት ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ ሪድበርግ ወንበሩን ለመነ፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። እርሱ በ1901 ዓ.ም. በዝቅተኛው የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ተሾመ። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ ካለፈ በኋላ፥ በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህም ሁሉ ሲሆን ምርምሩን አልተወም።

ሪድበርግ የማይሳሳት ሰው አልነበረም። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሲመረምር በሃይድሮጂንና በሂሊየም መካከል ያልተገኙ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉ ብሎ አስቦ ነበር፤ ስለዚህ ከሂሊየም በኋላ ያሉት ተራ ቁጥሮቹ ሁሉ በሁለት በለጡ። ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት በ1913ና በ1914 ዓ.ም. በራጅ መርምሮ ትክክለኛውን ተራ ቁጥር አገኘ። ሆኖም ሪድበርግ ስለ ሰንጠረዡ የሰጠው ሌላው ሥርዓት፥ ማለት 2፥ 8፥ 18፥ 32 እያለ የሚሄደው የቁጥር ተራ፥ ጸንቶ ቀረ። ስንዴና እንክርዳድ በአንድ እርሻ እንደሚበቅሉ፥ በሊቅ ሰው ሥራም እውነትና ስሕተት አብረው ይገኛሉ፤ የሚለያቸው ምርመራ ነው።

ያ የተናቀ ስባሪ ቁጥር ምን እንደ ሆነ የታወቀው ከጊዜ በኋላ ነው። በ1911 ዓ.ም. ረዘርፎርድ የሚባለው ሊቅ አቶም በመካከሉ ጥቂት ስፍራ የያዘ ከባድ አስኳል እንዳለው አስታወቀ። በ1913 ዓ.ም. ኒልስ ቦር የሚባል የዴንማርክ ሰው፥ ኤሌክትሮን በአስኳሉ ዙሪያ በተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ብቻ እንደሚኖር አሰበ። ኤሌክትሮን ከከፍተኛው ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ ብርሃን ይሰጣል፤ የሪድበርግ መቀነስም ይህ የሁለቱ ደረጃዎች ልዩነት ነው። ቦር ያን ታላቅ ቁጥር ከኤሌክትሮን ክብደትና ከኤሌክትሪኩ መጠን፥ ከሌሎችም ከታወቁ ቁጥሮች አስልቶ አገኘው።

ኤሌክትሮን ኃይል ሲቀበል ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፥ ከአስኳሉም ይርቃል። በመቶኛው ደረጃ ላይ ያለ የሃይድሮጂን ኤሌክትሮን በመጀመሪያው ደረጃ ካለው 10,000 ጊዜ ይርቃል፤ አቶሙም ባክቴሪያን የሚያህል ይሆናል። በሶዲየም አቶም አስኳል ውስጥ 11 የፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ክፍሎች አሉ። አንዱ ኤሌክትሮን ርቆ ሲወጣ አሥሩ ኤሌክትሮኖች አስኳሉን ከበው ይቀራሉ። አስኳሉና አሥሩ ኤሌክትሮኖች በአንድነት የአቶሙ እምብርት ይባላሉ። ከ11 ላይ 10 ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ ስለዚህ ሩቅ ያለው ኤሌክትሮን እምብርቱን እንደ አንድ የፖዚቲቭ ክፍል ብቻ ያየዋል፤ የሃይድሮጂንም አስኳል አንድ ነውና የሩቁ ኤሌክትሮን ኑሮ በሁለቱም ዘንድ ይመሳሰላል። ታላቁ ቁጥር ለንጥረ ነገሮች ሁሉ አንድ ያህል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በምሳሌ ማስተዋል ይቻላል። አንድ መንገደኛ በማታ ወደ ዲክሲስ ሲመጣ፥ ከሩቅ ሆኖ ሲያይ የብዙ ቤቶች እሳት እንደ አንድ መብራት ሆኖ ይታየዋል። ቤቶቹ ስንት እንደ ሆኑ፥ በየቤቱም ማን እንዳለ አያውቅም። ወደ መንደሩ ከገባ ግን እሳቱ ለየብቻው ይታየዋል፤ የአንዱ ቤት ሙቀት ከሌላው ይለያል። ከኤሌክትሮኖችም መካከል መንገዳቸው ረዘም ያለ ሞላላ የሆነ አሉ። እነዚህ ርቀው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው በእምብርቱ መካከል ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ አሥሩ ኤሌክትሮኖች አስኳሉን ፈጽመው አይጋርዱትም፤ ስለዚህ አስኳሉ አጥብቆ ይስባቸዋል። ትልቁ ስባሪ ቁጥር፥ 1.35 ያልነው፥ ከዚህ የመጣ ነው።

ወደ መንደሩ ሳይገባ በሩቅ የሚያልፍ መንገደኛም ቢሆን መንደሩን ጥቂት ይለውጠዋል። ውሾቹ ኮቴውን ሰምተው ወደ እርሱ ይዞራሉ፤ ሰዎችም ወደ ደጃፍ ወጥተው ይመለከታሉ። እንዲሁም ሩቅ ያለው ኤሌክትሮን የእምብርቱን ኤሌክትሮኖች ወደ ወዲያ ይገፋል፥ አስኳሉንም ወደ ራሱ ይስባል፤ እምብርቱም ጥቂት ይዘነበላል። ከዚህ የተነሣ በሁለቱ መካከል ተጨማሪ መሳሳብ ይገኛል። ይህ ግን በርቀት ፈጥኖ የሚደክም ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ከዚህ የሚገኘው የኃይል ለውጥ አሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል። ወደ እምብርቱ የማይገባው ኤሌክትሮን ስባሪ ቁጥሩ እጅግ ትንሽ የሆነው ስለዚህ ነው። በ1924 ዓ.ም. ቦርንና ሃይዘንበርግ የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት ይህን መዘንበል ከስባሪው ቁጥር አስልተው አወጡት። ሪድበርግ ሊጥለው ያልወደደው ያ ትንሽ ቁጥር፥ ሰው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን የአቶም እምብርት የሚያሳይ መስኮት ሆነ።

ሪድበርግ ግን የዚህን ሁሉ ፍሬ አላየም። ቦር ሥራውን ባወጣበት ዘመን ጽኑ ሕመም አገኘው። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ረዳቱ የነበረው ማኔ ሲግባን በእርሱ ፈንታ ያስተምር ነበር፤ ይህም ሰው ኋላ የ1924 ዓ.ም. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1919 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ያለው የለንደን ንጉሣዊ የሊቃውንት ማኅበር ሪድበርግን የውጭ አገር አባል አድርጎ መረጠው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር 28 ቀን፥ በ65 ዓመት ዕድሜው፥ በሉንድ ዐረፈ።

ከሞተ በኋላ ስሙ ከፍ እያለ ሄደ። በተወለደ በመቶ ዓመቱ፥ በ1954 ዓ.ም.፥ ሊቃውንት ከብዙ አገር ወደ ሉንድ መጥተው መታሰቢያውን አደረጉ፤ ኒልስ ቦርም በዚያ ተገኝቶ ስለ ሪድበርግ ሥራ ተናገረ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የከዋክብት መርማሪዎች በሰማይ ካለው የጋዝ ደመና የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ ተቀበሉ፤ ሞገዱም የመጣው ከ110ኛው ደረጃ ወደ 109ኛው ከወረዱ የሃይድሮጂን ኤሌክትሮኖች ነበረ። ኤሌክትሮናቸው ከእምብርቱ እንዲህ የራቀባቸው አቶሞች ዛሬ በዓለም ሁሉ የሪድበርግ አቶሞች ተብለው ይጠራሉ። በ2012 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተካፈለው ፈረንሳዊው ሰርዥ አሮሽም ምርምሩን የሠራው በእንደዚህ ያሉ አቶሞች ነው።

ከዚህ ሰው ኑሮ ብዙ ትምህርት ይገኛል። ድኽነት ከትምህርት አልከለከለውም። ሌላው ሰው በቀደመው ጊዜ አልቀናም። የለመነው ወንበር ለሌላ በተሰጠ ጊዜ ሥራውን አልተወም። ከሁሉ በላይ ግን፥ ስሌቱ ያልገጠመለትን ትንሽ ነገር በቅንነት ጻፈው እንጂ አልፋቀውም። ተማሪም በሰሌዳው ላይ ሒሳብ ሲሠራ ያላሰበው ስባሪ ቢተርፈው፥ መምህሩ እንዳያይበት ፈጥኖ አይፋቀው። መጀመሪያ ሥራውን ደግሞ ይመርምር፤ ስሕተት ከሆነ ያርመው፤ እውነት ከሆነ ግን በቦታው ይተወው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ዛሬ ትርጉሙ ያልታወቀው ትንሽ ነገር ነገ ለብዙ ሰው ብርሃን ይሆናል።